ዓርማውን የሣለው ማን ነው? ስለ ልብ ወለድ ዓለም ምልክት ንድፍ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል። ደራሲ ወይም የፊልም ባለሙያ በምናቡ አንድ ዓለም ሲፈጥር፣ ለዚያ ዓለም የሚቀረጸው ዓርማ ከምን ተነሥቶና በማን ስም ይቀረጻል?

ለባንክ፣ ለቡና ላኪ ወይም ለሆቴል ዓርማ ሲሠራ የኖረ ነዳፊ ልብ ወለድ ዓለም ፊት ሲቆም የለመደው መንገድ አያደርሰውም። ባንኩ አለ፤ ሕንፃው፣ ባለአክሲዮኑና ደንበኛው አሉ። ዓርማው የሚያመለክተው ነገር ከዓርማው በፊት የነበረ ነው። በምናብ የተፈጠረ አገር ግን ከገጹና ከስክሪኑ ውጭ ሕልውና የለውም። አንባቢው ታሪኩን ከመክፈቱ በፊት የሚያገኘው የዚያ አገር የመጀመሪያ ማስረጃ ዓርማው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ካሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ጋር የተዋወቅነው «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል፤ ታሪኩን የወለደው ልብ ነው። ምልክቱ ግን እጅ የሠራው መምሰል አለበት። አለዚያ አንባቢው ያንን ዓለም አያምነውም።

የምከራከርበት ሐሳብ የሚከተለው ነው። የልብ ወለድ ዓለም ዓርማ ሁለት ባለቤቶች አሉት። አንደኛው ከታሪኩ ውጭ ያለው ነው፤ አሳታሚው፣ የፊልም ኩባንያው፣ መጽሐፉ ከመደርደሪያ ላይ ተለይቶ እንዲታይ የሚፈልገው ሰው። ሁለተኛው በታሪኩ ውስጥ የሚኖረው ነው፤ ምልክቱን በር ላይ የቀረጸው አናጢ፣ በደብዳቤ ግርጌ ያተመው ጸሐፊ፣ በጋሻው ላይ የተሸከመው ወታደር። ለአንደኛው ብቻ የተሠራ ዓርማ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል። ለሁለተኛው ብቻ የተሠራ ደግሞ ከታሪኩ ውጭ ያለ ሰው የማይፈታው እንቆቅልሽ ይሆናል። ከእነዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሦስተኛ ባለቤት አለ። ስለ እርሱ ወደ ኋላ እናገራለሁ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአዋጆቹ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ባለቤቶች በአንድ ገጽ ላይ

ጄ. አር. አር. ቶልኪን «ዘ ሆቢት» የተባለ መጽሐፉ በ1937 ሲታተም የሽፋኑን ልባስ ራሱ ሣለ። ተራሮችና ጫካ፣ በአንድ ወገን ፀሐይ፣ በሌላው ወገን ጨረቃ ይታያሉ። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ የነበረው ቀይ ቀለም ለኅትመት ወጪ ሲባል ቀርቷል። ይህ ራሱ የውጩ ባለቤት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ያሳያል። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በሽፋኑ ጠርዝ ዙሪያ የተጻፈው ነው።

በጠርዙ ላይ «ሩን» የተባሉት ጥንታዊ የሰሜን አውሮፓ ፊደላት ተደርድረዋል። ለተመልካች ጌጥ ይመስላሉ። አንድ በአንድ ሲነበቡ ግን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሆነው ይገኛሉ። የመጽሐፉን ርእስ፣ ታሪኩ ከባለታሪኩ ከቢልቦ ማስታወሻ የተጠናቀረ መሆኑን፣ የደራሲውን ስም፣ በመጨረሻም የአሳታሚውን ድርጅት ስም ይናገራሉ። አሳታሚው የለንደን ነጋዴ ነው፤ ስሙ የተጻፈው ግን በታሪኩ ውስጥ ያሉ ድንኮች በሚጽፉበት ፊደል ነው። ሁለቱ ባለቤቶች በአንድ መስመር ላይ ተገናኙ። በ1954 መታተም በጀመረው «የቀለበቶቹ ጌታ» የርእስ ገጽ ላይም ቶልኪን ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ከላይና ከታች ራሱ በፈጠራቸው ሁለት የፊደል ዓይነቶች የተጻፈው ጽሑፍ፣ መጽሐፉ ከአንድ ጥንታዊ መዝገብ የተተረጎመ መሆኑን ይገልጻል። ደራሲው ራሱን ተርጓሚ አድርጎ አቀረበ፤ የርእስ ገጹም የዚያ የተርጓሚነት ማስረጃ ሆነ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ፊደል ፈልስፉ የሚል አይደለም። ቶልኪን የቋንቋ ሊቅ ስለነበረ ያንን ማድረግ ችሏል። ትምህርቱ፣ ምልክቱ በታሪኩ ውስጥ ለአንድ ሰው አንድ ነገር ማለት አለበት የሚል ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ነዳፊው ማወቅ ይኖርበታል።

አጽሙና ነጋዴው

ሁለተኛው ምሳሌ ለአብዛኞቻችሁ የቀረበ ነው። በ1990 የማይክል ክራይተን «ጁራሲክ ፓርክ» ሲታተም ሽፋኑን የሠራው ቺፕ ኪድ ነበር። ኪድ ኒው ዮርክ ከሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባገኘው መጽሐፍ ውስጥ በነበረ የታይራኖሶረስ ሬክስ አጽም ሥዕል ላይ ተመሥርቶ፣ ጥቁር ጥላ የሚመስል አጽም አወጣ። ሥጋ የለውም፤ ቆዳ የለውም። ምርጫው ትክክል የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዚያን እንስሳ ቆዳ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። በእጃችን ያለው በአብዛኛው አጥንት ነው። ታሪኩም የሚያወራው በአጥንቱና በሕያው እንስሳ መካከል ስላለው ክፍተት፣ ሰው ያንን ክፍተት በድፍረት ሊሞላው ሲሞክር ስለሚሆነው ነገር ነው። ዓርማው ታሪኩን አልተረከም፤ ታሪኩ የሚነሣበትን ጥያቄ አስቀመጠ።

በ1993 ስቲቨን ስፒልበርግ ፊልሙን ሲያወጣ ይኸው አጽም በክብ ውስጥ ገብቶ የፓርኩ ዓርማ ሆነ። በፊልሙ ውስጥ በመኪኖቹ ላይ ይታያል፤ በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው መደርደሪያዎች ላይም ተደርድሯል። በታሪኩ ውስጥ ያሣለው ባለሀብቱ ነው፤ ፓርኩ ገና ለጎብኚ ሳይከፈት ዓርማውን ለሽያጭ አዘጋጅቷል። ከሲኒማ ቤቱ ውጭም ያው ዓርማ ለሽያጭ ቀረበ። እዚህ የውስጡም የውጩም ባለቤት ነጋዴ ስለሆኑ ምልክቱ ሳይለወጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። በታሪኩ ውስጥ ጥፋቱ እየበረታ ሲሄድ ያ ደስ የሚል ክብ ምልክት ከየዕቃው ላይ ሆኖ ያያል። መልኩ ሳይለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። ነዳፊው ለዚያ ለውጥ ቦታ ትቶለት ነበር።

ትርጉም ዘግይቶ ሲመጣ

ሦስተኛው ምሳሌ አስቀድሞ ሁሉንም ትርጉም በምልክቱ ውስጥ ለማጨቅ የሚሞክሩትን ተማሪዎች ይመለከታል። በ1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን ሲያቀርቡ፣ በደረቱ ላይ ያለው ምልክት የስሙ የመጀመሪያ የላቲን ፊደል ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። በ1978ቱ ፊልም ግን ምልክቱ ከጠፋችው ፕላኔት የመጣ የቤተሰቡ ዓርማ ሆኖ ታየ። አባቱም ያንኑ ለብሶ ነበር፤ ሌሎቹ ቤተሰቦች ደግሞ የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው። በ2013ቱ ፊልም ባለታሪኩ ምልክቱ ፊደል ሳይሆን በፕላኔቱ «ተስፋ» ማለት እንደሆነ ይናገራል።

አንድ የላቲን ፊደል በ75 ዓመታት ውስጥ የቤተሰብ ማኅተም፣ ከዚያም ቃል ሆነ። ይህ የሆነው ቅርጹ ቀላልና ጽኑ ስለነበር ነው። ከጦር፣ ከመጽሐፍ፣ ከንስርና ከፀሐይ የተጠራቀመ ዓርማ እንዲህ ሊያድግ አይችልም፤ ትርጉሙ በመጀመሪያው ቀን ተሟጧልና።

ሦስተኛው ባለቤት

አሁን ቀደም ሲል ወደ ጠቀስሁት ሦስተኛ ባለቤት እመጣለሁ። ነዳፊ ከባዶ አይነሣም። ለሌለ አገር ምልክት ሲፈልግ እጁ ወዳለ አገር ምልክት ይዘረጋል። ያ ምልክት ደግሞ ሕያዋን ባለቤቶች አሉት።

ሁለት ማስረጃ ላቅርብ። በ1923 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ኮኽ «ኖይላንድ» የተባለውን የላቲን ፊደል ቅርጽ ሠራ። አስቀድሞ በወረቀት ሳይነድፍ በቀጥታ ብረት ላይ ስለቀረጸው ፊደሎቹ ወፍራምና ሻካራ ናቸው። ይህ ከኦፈንባኽ የፊደል ማምረቻ የወጣ ሥራ በእንግሊዝኛው የኅትመት ዓለም ቀስ በቀስ የጫካ፣ የአደን ጉዞና የአፍሪካ ምልክት ሆነ። የጁራሲክ ፓርክ ፊልም ዓርማ ቃላትም የተጻፉት በዚሁ ፊደል ቤተሰብ ነው። በፊልሙ ውስጥ ምርጫው ይገባል፤ ባለሀብቱ የሚሸጠው ጀብዱ ነው። ነገር ግን አንድ የእኛ ተማሪ ለራሱ አፍሪካዊ ታሪክ ይህን ቅርጽ ሲመርጥ፣ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ያሰበውን መልሶ እየጻፈ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ድንጋይ ላይ በግዕዝ ሲጻፍ የነበረበት አገር ልጅ አፍሪካን ለማመልከት የጀርመን ብረት የሚበደርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ማስረጃ በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» ነው። የትዕይንት ንድፉን የመራችው ሐና ቢችለር በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ተሸልማለች። ለዋካንዳ የተሠራው ፊደል መነሻው በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያና በአጎራባቹ የካሜሩን ምድር የሚታወቀው «ንሲቢዲ» የተባለ የምልክት ሥርዓት ነው። ይህ ምርጫ ከኖይላንድ እጅግ የተሻለ ነው፤ ምንጩ አፍሪካዊ ነው፣ ተመልካችም ስሙን እንዲጠይቅ በር ከፍቷል። ሆኖም ሊታይ የሚገባ ዋጋ አለው። በንሲቢዲ አንድ ምልክት ሐሳብን ይወክላል፤ ከምልክቶቹም ከፊሉ ለኤክፔ ማኅበር አባላት ብቻ የተጠበቀ ነው። በፊልሙ ውስጥ ግን ፊደሉ የእንግሊዝኛን ሆሄያት አንድ ለአንድ የሚተካ ሆኖ ተሠራ። ቅርጹ ተወሰደ፤ አስተሳሰቡ ከኋላ ቀረ። ይህን የምለው ሥራውን ለመንቀፍ አይደለም። ስንበደር ምን እንደወሰድንና ምን እንደተውን መቁጠር እንዳለብን ለማሳየት ነው።

በአገራችንም ጉዳዩ ያው ነው። የላሊበላን መስቀል ለምናባዊ ንጉሥ ሰይፍ እጀታ የሚያደርግ ነዳፊ፣ ያ መስቀል ዛሬ ጠዋት ከካህን እጅ የተሳለመው ሰው እንዳለ ማሰብ ይገባዋል። የኮንሶ ዋካ ለሟች የቆመ መታሰቢያ ነው፤ የጨዋታ ጭራቅ ፊት ሲሆን የአንድ ቤተሰብ አያት ፊት ይነካል። ኦዳ የገዳ ሥርዓት ጉባኤ የሚካሄድበት ዛፍ ነው እንጂ ማንኛውም ባለቅርንጫፍ ጌጥ አይደለም። መበደር ክልክል ነው አልልም። ጥበብ ያለ ውርስ አይኖርም። ልዩነቱ ያለው ቅርጹን በመውሰድና አሠራሩን በመማር መካከል ነው። የቅርጹን ምክንያት የተማረ ሰው ከዚያ ምክንያት አዲስ ቅርጽ ያወጣል፤ ቅርጹን ብቻ የወሰደ ግን ሊጨምርበት የሚችለው ነገር የለም።

ከገዛ ቤታችን የምንማረው

ለዚህ የሚረዱን ሁለት ነገሮች በእጃችን አሉ። የመጀመሪያው የአክሱም ሳንቲም ነው። የንጉሥ ኢዛና የቀደሙት ሳንቲሞች ከላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ነበረባቸው። ንጉሡ ክርስትናን ሲቀበል በዚያው ቦታ መስቀል ገባ። ንጉሡ ያው ነው፣ የሳንቲሙ አሠራር ያው ነው፤ ዓለሙ ግን ተለውጧል፤ ለውጡም በአንዲት ትንሽ ምልክት ተነገረ። ለልብ ወለድ ዓለም ዓርማ የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ይበል። ምልክቱ የትናንት መልክ ነበረውን? ማን አስለወጠው? አሮጌውን የደበቀ ሰው አለን? ለእነዚህ መልስ ያለው ዓርማ ታሪክ ያለው ዓርማ ነው።

ሁለተኛው የብራና መጽሐፍ ነው። የፊደላችን ቋሚ መስመር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን የሆነው በጸሐፊው ብርዕ አፍ አቆራረጥና አያያዝ ምክንያት ነው። ርእስና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም የሚጻፈው ለውበት ብቻ ሳይሆን ለክብር ነው። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ያለው ሐረግ አንባቢው ወደ ሌላ ክፍል መግባቱን ያስታውቃል። እያንዳንዱ መልክ መሣሪያም ምክንያትም አለው።

እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር ላክል። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ መልክ ስላለው፣ ነዳፊዎች የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሆሄ አስረዝመው ቃሉን ያቅፉበታል። የእኛ ፊደል ያ ልዩነት የለውም፤ ይልቁንም ሌላ ሀብትና ሌላ አደጋ አለው። ሉ እና ሊ የሚለያዩት በቀኝ በኩል ያለችው ጭረት ከመሃል ወይም ከእግር በመውጣቷ ብቻ ነው። ለጌጥ ብሎ ያችን ጭረት ያወረደ ነዳፊ ድምፁን ለውጧል። ስለዚህ በፊደላችን ዓርማ ሲሠራ የሚነካው ግንዱ ነው እንጂ ቅጥያው አይደለም።

አንድ ልምምድ

ሐሳቡን በተግባር ለማየት አንድ ዓለም አብረን እንፍጠር። ስሙ «ጨውምድር» ይሁን። በዚህ አገር ሰዎች የሚገበያዩት በጨው ነው። ይህን ከአፋር ዝቅታ የተቆፈረው አሞሌ በአገራችን እንደ ገንዘብ ካገለገለበት ታሪክ ተነሥተን እናስባለን፤ ከዚያ ግን የራሳችንን መንገድ እንሄዳለን።

ዓርማውን የሣለው ማን ነው? ሚዛን ጠባቂዎች ናቸው እንበል። በምን ሣሉት? በመጥረቢያ ጠርዝ። በምን ላይ? በጨው ቁራሽ ላይ። ጨው በቀላሉ ስለሚፈረካከስ ክብ መስመር አይቀረጽበትም። ስለዚህ «ው» እና «ም» ክብ ጎናቸው ማዕዘን ይሆናል፤ ጭረቶቹም አጫጭርና ቀጥ ያሉ ይሆናሉ። ለምን ሣሉት? አንድ ቁራሽ በመንገድ ላይ ተሸርፎ እንደሆነ ለማወቅ። ስለዚህ ምልክቱ በጠርዙ ላይ ሦስት ቁርጦች አሉት፤ አንዱ ቁርጥ ከጎደለ ነጋዴው ተሰርቋል። ዝናብ ምልክቱን ስለሚያጠፋው በየዓመቱ እንደገና ይቀረጻል፤ ሚዛኑ የተዛባበት ዘመን ቁርጥ ደግሞ ለዓይን ጠማማ ሆኖ ይታወቃል።

አሁን ወደ ውጩ ባለቤት እንመለስ። አሳታሚው በስልክ ስክሪን ላይ በጥፍር መጠን የሚታወቅ ነገር ይፈልጋል። በዚያ መጠን ቃሉ አይነበብም፤ ሦስቱ ቁርጦች ግን ይታያሉ። ምልክቱ በአንድ ቀለም ይታተማል፤ በጥቁር ላይ ነጭ፣ በነጭ ላይ ጥቁር ሆኖ ይሠራል። ሦስተኛው ባለቤትስ? ከማንም ሕዝብ ዓርማ አልወሰድንም። የተማርነው ከጨው ነጋዴዎች ሥራ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥም የማንን ሙያ እንደተማርን መናገር እንችላለን።

ሥራችሁን ስትጨርሱ አንድ ፈተና አድርጉለት። ዓርማውን በታሪኩ ውስጥ በሚኖሩ ሦስት ሰዎች እጅ ሣሉት። አንደኛ፣ በአመድ ላይ በጣቱ የሚስል ሕፃን፤ ሁለተኛ፣ ማኅተም የሚቀርጽ ባለሙያ፤ ሦስተኛ፣ ለማጭበርበር የሚያስመስል ሌባ። ሕፃኑ ሊስለው ካልቻለ ተወሳስቧል። ባለሙያው የሚጨምርበት ነገር ካጣ ደርቋል። ሌባው የሚሳሳትበት ቦታ ከሌለ ደግሞ በዚያ ዓለም ለምልክቱ ዋጋ የሚሰጥ ሰው የለም ማለት ነው።

ስለ ሕግ አንድ ቃል

ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ጉዳይ ስለሆነ ሕጉን በአጭሩ ላንሣ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነን የሥዕልና የንድፍ ሥራ ግዘፍ ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምዝገባ ይጠብቃል። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ግን የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ለተማሪ የሚጠቅመው ቁም ነገር፣ ከደራሲ ወይም ከአሳታሚ ጋር ስትሠሩ ማን ምን እንደሚይዝ በጽሑፍ መስማማት ነው። ሆኖም ሁለቱም አዋጆች ስለ ሦስተኛው ባለቤት የሚያወሩት ጥቂት ነው። ጥንታዊ ቅርጽ የግል መብት ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ በሕግ ነፃ ሊሆን ይችላል። በሕግ ነፃ የሆነ ሁሉ ግን ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ሕግ ዝም ባለበት ቦታ የሚናገረው የነዳፊው ኅሊና ነው።

መደምደሚያ

ዛሬ በከተሞቻችን ወጣቶች የሥዕል ታሪክ፣ የአኒሜሽንና የጨዋታ ዓለሞችን በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን እየፈጠሩ ነው። እነዚህ ዓለሞች የተበደረ ፊት ይዘው ከተወለዱ፣ አንባቢው ገና ከበሩ ላይ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። የገዛ ሕዝባቸውን የከበረ ምልክት ያለ ጥያቄ ከለበሱ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ቅር የሚሰኝ አንባቢ ያ ሕዝብ ይሆናል። ከሁለቱም የሚያድን አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሳስ ከማንሣታችሁ በፊት በወረቀቱ ራስጌ ላይ ጻፉት። በዚህ ዓለም ውስጥ ይህን ምልክት የሣለው ማን ነው፣ በምን ሣለው፣ ለማን ሣለው? መልሱን የማያውቅ ነዳፊ ወደ ደራሲው ይመለስ። ደራሲውም ካላወቀ፣ ዓርማው ገና የሚነደፍበት ሰዓት አልደረሰም፤ አብረው ይቀመጡና ዓለሙን ይጨርሱ።